የሣር ማጨጃ ትራክተር ኩሽኔታ ሲበላ፦ ኩሽኔታ ብቻ መቀየር፣ ቶርኖ ቤት መውሰድ ወይስ ሙሉውን ስፒንድል መግዛት?

ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ጅማ ውስጥ ሣር ፋታ አይሰጥም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት አገር ነው፤ ሰርዶው ዛሬ ታጭዶ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል። ሰፊ ግቢ ያለው ሆቴል፣ ትምህርት ቤት ወይም የቡና ማዘጋጃ ውስጥ አልፎ አልፎ አንድ ያገለገለ፣ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ትራክተር ታያላችሁ። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሚሰቃየው ከታች ያለው ክፍል ነው፤ በዴኩ፣ ማለትም ቢላዎቹን ከላይ በሚሸፍነው የላሜራ ክፍል ላይ የታሰረው ስፒንድል፣ ማለትም ቢላውን የሚያዞረው ዘንግ ከነቤቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውስጡ ያሉት ሁለት ኩሽኔታዎች።

ማሽኑ መጮህ ሲጀምር አንዱ “ኩሽኔታ ቀይሩለት፣ አለቀ” ይላችኋል። ሌላው “ቶርኖ ቤት ውሰዱት” ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሙሉ ስፒንድል ከአዲስ አበባ እንድታስመጡ ይመክራል። ሦስቱም እንደ ሁኔታው ልክ ናቸው። እኔ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ምርጫውን የሚወስነው የኩሽኔታው ዋጋ ሳይሆን የኩሽኔታው ቤት (ኩሽኔታው የሚቀመጥበት አካል) ሁኔታ ነው። ቤቱን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

መጀመሪያ ፈትሹ

የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ቁልፍ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ቺንጋው ተወጥሮ ከሆነ ቢላውን በእጅ ስታዞሩ ሞተሩም አብሮ ሊዞር ይችላል። በክሪክ ብቻ ከተነሳ ማሽን ስር ደግሞ በፍጹም አትግቡ። በአብዛኞቹ ትራክተሮች ዴኩ ጥቂት ፒኖች ሲወጡለት ከነአካሉ ይለቃል። ጎትቶ አውጥቶ መገልበጥ ከሁሉም ይቀላል፣ ከሁሉም ይበልጥም ደህና ነው።

ቺንጋውን አውርዳችሁ ፑሌጃውን በእጅ አዙሩት። ጤነኛ ኩሽኔታ ዝም ብሎ፣ በትንሹ ከበድ ብሎ ይዞራል፤ ስትለቁትም ቶሎ ይቆማል። አንዴ ገፋ አድርጋችሁት ለረጅም ጊዜ በራሱ የሚሽከረከር ከሆነ ብዙ ሰው “እንዴት ያለ ልስላሴ ነው” ብሎ ይደሰታል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ግራሶው አልቆ ኩሽኔታው ደርቋል ማለት ነው። ሲዞር ክርክር የሚል ድምፅ ወይም እንደ አሸዋ የሚሻክር ስሜት ካለው አልቆለታል።

ቀጥሎ የቢላውን ሁለት ጫፎች ያዙና ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁ። ቢላው ረጅም ስለሆነ ኩሽኔታው ውስጥ ያለች ትንሽ ክፍተት ጫፉ ላይ ብዙ እጥፍ ሆና ትታያለች። ቀቅ ቀቅ ካለ አትጠራጠሩ።

ቢላው ወይም ዘንጉ ተጣሞ እንደሆነም እዚሁ ለዩ። አንዱ የቢላ ጫፍ የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርጉና ከፍታውን ለኩ፣ ከዚያ ግማሽ ዙር አዙራችሁ ሌላውን ጫፍ እዚያው ቦታ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ የተጣመመ ነገር አለ። ቀጥ ያለ ሌላ ቢላ አስራችሁም ልዩነቱ ካልጠፋ ዘንጉ ነው፣ ከጠፋ ቢላው ነው። ቀላል ፈተና ነው፤ ስንቱ ግን ይህን ሳያደርግ ኩሽኔታ ቀይሮ መንቀጥቀጡ ሲቀጥል ይደነግጣል።

ዋናው ፈተና የሚመጣው ስፒንድሉ ከተፈታ በኋላ ነው። አሮጌው ኩሽኔታ ከቤቱ እንዴት ወጣ? ተመትቶ ወይም በፕሬስ ተገፍቶ ከወጣ ቤቱ ጤነኛ ነው። በጣት ተጎትቶ ወይም ስትገለብጡት ዱብ ብሎ ከወጣ፣ ውጪያዊ ቀለበቱም አብረቅርቆ የተፋቀ ከሆነ፣ ኩሽኔታው ቤቱ ውስጥ ሲዞር ከርሟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቤቱ ሰፍቷል፤ የፈለጋችሁትን ውድ ኩሽኔታ ብታስገቡ አይይዝም።

ቤቱ ጤነኛ ከሆነ፦ ኩሽኔታ ብቻ

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ችግር እዚሁ ያልቃል፣ ርካሹም እሱ ነው። በብዙ ዴኮች ስፒንድሎች ውስጥ ያለው ተራ የኳስ ኩሽኔታ ነው፤ ቁጥሩም 6203፣ 6204 ወይም 6205። እነዚህ ቁጥሮች የሣር ማጨጃ ብቻ አይደሉም። በትናንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች፣ በውኃ ፓምፖችና በሞተር ሳይክሎች ላይም ይገኛሉ። ስለዚህ “የሣር ማጨጃ ኩሽኔታ አለ?” ብላችሁ ከጠየቃችሁ ነጋዴው አንገቱን ይነቀንቃል፤ “6204 ባለ ጎማ” ካላችሁ ግን ከመደርደሪያው ሊያወርድላችሁ ይችላል።

6203 የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጪው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። 6204 ሃያ በ47 በ14 ነው፤ 6205 ደግሞ ሃያ አምስት በ52 በ15። ከ04 ጀምሮ ያሉትን የመጨረሻ ሁለት አኃዞች በ5 ብታባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ታገኛላችሁ፤ 03 ግን ከዚህ ሕግ ውጪ ስለሆነ 17 ነው።

አሁን ወጥመዱን ልንገራችሁ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚከስርበት ነው። አሜሪካ የተሠሩ አንዳንድ አሮጌ ዴኮች ዘንጋቸው የሚለካው በኢንች ነው። ኩሽኔታው ውጪው ልክ እንደ 6204 47 ሚሊ ሜትር ሆኖ ውስጡ ግን ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለትም 19.05 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ6203ም እንዲሁ አምስት ስምንተኛ ኢንች፣ 15.875 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ። ቀለበቱ ላይ 6203 ወይም 6204 የሚለውን ብቻ አንብባችሁ፣ ከኋላው በሰረዝ የተጻፈውን ሳታዩ ተራውን ገዝታችሁ ከመጣችሁ፣ ኩሽኔታው ቤቱ ውስጥ ግጥም ይላል፣ ዘንጉ ላይ ግን ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ይላወሳል። አንዳንዱ እዚህ ጋ ቆርቆሮ ቆርጦ ዘንጉ ላይ ይጠቀልላል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ዘንጉ ከመሀል ይወጣል፣ ቢላው ይንቀጠቀጣል፣ አዲሱም ኩሽኔታ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ቁጥሩን አንብቡ፣ ዘንጉንም በካሊፐር ለኩ። የኢንቹ ከታጣ ከቆርቆሮ ይልቅ ቶርኖ ቤት ልኩን የጠበቀ ቀጭን ቦኮላ (ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት) ማስቀረፅ ይቻላል። የኢንቹ ከተገኘ ግን ሌላ ነገር አትፈልጉ።

ስትገጥሙ ሕጉ አንድ ነው፦ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል አይለፍ። ኩሽኔታውን ወደ ቤቱ ስታስገቡ የውጪውን ቀለበት ብቻ ግፉ፣ ዘንጉ ላይ ስታስገቡ የውስጡን ብቻ። ከቀለበቱ ጋር እኩል የሆነ ቡሶላና ጥሩ ሞርሳ ካላችሁ ፕሬስ ሳያስፈልግ ይገባል። ቤቱ አልሙኒየም ከሆነ የፈላ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆይታችሁ ቶሎ አድርቁት። አልሙኒየም ሲሞቅ የሚሰፋው ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ የ40 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በዚህ ሙቀት በ0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል፣ ኩሽኔታውም ያለ ብዙ ድብደባ ይገባል። ኩሽኔታውን ፍሪዘር ውስጥ ካሳደራችሁት ደግሞ ይብስ ይቀላል።

ሁለቱንም ቀይሩ። የላይኛው ደህና ይመስላል ብሎ የታችኛውን ብቻ መቀየር ያው ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለችውን ቱቦ ደግሞ አደራ። ስትፈቱ ከግራሶና ከሣር ቆሻሻ ጋር ተቀላቅላ ስለምትወጣ እንደ ትርፍ ብረት የሚጥላት አለ። ሥራዋ ትልቅ ነው። ዳዶውን ስታጠብቁ የሚመጣውን ኃይል ከአንዱ ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ወደ ሌላው የምታስተላልፈው እሷ ነች። ከሌለች ወይም ካጠረች ዳዶው በጠበቀ ቁጥር ሁለቱ የውስጥ ቀለበቶች ወደ መሀል ይጎተታሉ፣ ኳሶቹ በጎን ይጨመቃሉ፣ ኩሽኔታው ይግላል፣ ከዚያ ያልቃል። “አዲስ ኩሽኔታ አስገብቼ ወዲያው ሞተ” ሲሏችሁ መጀመሪያ ስለ ቱቦዋ ጠይቁ።

ቤቱ ከሰፋ፦ ቶርኖ ቤት

እዚህ ላይ ጅማ ውስጥ መሆናችን ይጠቅመናል። የቡና መፈልፈያውም የእህል ወፍጮውም ኩሽኔታና ዘንግ የሚበላ ነገር ስለሆነ፣ ቤት አስፍቶ ቦኮላ ማስገባት ለቶርኖ ባለሙያዎቻችን አዲስ ሥራ አይደለም። እናንተ ማወቅ ያለባችሁ ምን እንደምታዙ ነው።

ቤቱ የብረት ቀልጥ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ከሆነና ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ያለ ጭንቀት አሠሩት። ቀዳዳው ይሰፋል፣ የብረት ቦኮላ ተጨቁኖ ይገባል፣ ከዚያ ቦኮላው በኩሽኔታው ልክ ይቦረቦራል። ቅደም ተከተሉ ይኼ ነው፤ ቦኮላው ከገባ በኋላ ይቦርቦር እንጂ ቀድሞ አልቆ አይግባ፣ ሲጨቆን ስለሚጠብ። ሁለቱ የኩሽኔታ ቀዳዳዎች ደግሞ አንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ቤቱ ቶርኖው ላይ አንዴ ታስሮ ሳይፈታ ቢሠራ ነው የሚመረጠው። ባለሙያውን “ጋሼ፣ ሁለቱንም በአንድ እስራት ይቻላል?” ብላችሁ ጠይቁት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

አልሙኒየም ከሆነ ግን ቆም በሉ። የቀላል ማሽኖች ቤት ስስ ነው፤ ቦኮላ ለማስገባት ሲሰፋ የሚቀረው ግድግዳ ብስኩት ያህል ይሆናል፣ ቢላው ድንጋይ ሲመታ ይሰነጠቃል። የሰፋው በጣም ትንሽ ከሆነ፣ ኩሽኔታው በእጅ ይገባል ግን አይንቀጠቀጥም ከተባለ፣ ለኩሽኔታ የተሠራው የሎክታይት ማጣበቂያ ይይዘዋል። ሁለቱም ገጾች በቤንዚን ታጥበው ፍጹም መድረቅ አለባቸው፣ ከዚያ በቂ ጊዜ ሰጥታችሁ ማቆየት ነው። ከዚያ በላይ ለሰፋ አልሙኒየም ማጣበቂያም ቦኮላም አልመክርም። የቤቱን ውስጥ በሹል ብረት ነጥብ ነጥብ እየመቱ ማጥበቅ የሚባለውም ለጥቂት ቀን ነው፤ ነጥቦቹ ቶሎ ይተኛሉ።

ዘንጉ የኩሽኔታው መቀመጫ ላይ ከተበላ አዲስ ማስቀረፅ ከመበየድ ይሻላል። በተለይ ቢላው በሚታሰርበት በኩል ተበይዶ የተቀረጸ ዘንግ አትቀበሉ። የአሜሪካው የደህንነት ደረጃ ለቢላ ጫፍ የሚፈቅደው ፍጥነት በደቂቃ 19,000 ጫማ ነው፤ በእኛ ሲቆጠር በሰዓት 347 ኪሎ ሜትር ገደማ። ብየዳው በዚህ ፍጥነት ከተሰበረ የሚወረወረው ነገር የት እንደሚያርፍ አስቡት፤ ግቢው ውስጥ ልጆች አሉ፣ ዘበኛ አለ። አዲስ ዘንግ ሲሠራም ከፌሮ አይሁን። ጥሩ የዘንግ ብረት ጠይቁ። ቢላው ዘንጉን የሚይዝበት ቀዳዳ ኮከብ ቅርጽ ከሆነ ያንን በቶርኖ ብቻ ማውጣት አይቻልም፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ ዘንግ ሲበላ ቀጥታ ወደሚቀጥለው ምርጫ እለፉ።

ሙሉ ስፒንድል መግዛት

ስስ አልሙኒየም ቤት ከሰፋ ወይም ከተሰነጠቀ፣ የኮከብ ዘንግ ከተበላ፣ ምርጫችሁ ይኼው ነው። ጣጣው ከዋጋው ይልቅ ጥበቃው ነው። ጅማ ውስጥ የሣር ማጨጃ ስፒንድል አገኛለሁ ብላችሁ አትልፉ፤ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እዚያም መርካቶ ዞራችሁ ልታጡት ትችላላችሁ፣ ያን ጊዜ ከውጪ የሚመጣ ሰው መለመን ነው። ይህን የምታደርጉ ከሆነ በበጋ አድርጉት። ግንቦት ላይ ማዘዝ መጀመር ክረምቱን ሙሉ በማጭድ ማሳለፍ ነው።

የማሽኑ ስም ብቻ ተናግራችሁ አትዘዙ። አንድ ስም ያለው ማሽን በተለያየ ዓመት የተለያየ ስፒንድል ይኖረዋል። ከመቀመጫው ስር ወይም ከኋላ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር በስልክ አንሱ፣ ከዚያ የድሮውን ስፒንድል ቁመት፣ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹን ብዛትና ርቀት፣ የዘንጉን ሁለት ጫፍ አብራችሁ ላኩ። አንድ ቀዳዳ ከተሳሳተ አይታሰርም፣ ለመመለስም ያው መንገድ ነው።

ኦርጅናልና ኮፒ መካከል ስትመርጡ እኔ የምለው ይኼ ነው፦ ኮፒው ቤቱ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ደካማው ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ካጠረ ኮፒውን ግዙ፣ ገና አዲስ እያለ ፍቱትና እዚሁ ያገኛችሁትን ጥሩ ኩሽኔታ አስገቡበት። አዲስ ቤት፣ ጥሩ ኩሽኔታ፤ ከኦርጅናሉ ብዙም አይርቅም። ሌላው ደግሞ ብዙዎቹ አልሙኒየም ቤቶች ቀዳዳቸው ጥርስ ሳይወጣለት ይመጣል፤ ቡሎኑ ራሱ እየቆረጠ እንዲገባ ነው የተሠራው። በኃይል ከገፋችሁት አልሙኒየሙ ይበጠሳል። ቡሎኑን ትንሽ ዘይት ቀብታችሁ፣ ጥቂት አስገብታችሁ መለስ እያደረጋችሁ፣ ቀጥ ብሎ መግባቱን እያያችሁ ሂዱ።

ከሞተ ማሽን ላይ የተፈታ ያገለገለ ስፒንድል ካገኛችሁ፣ ቤቱን ለማግኘት ብላችሁ ግዙት። ኩሽኔታውን እንደሌለ ቁጠሩት።

የትኛው ዓይነት ኩሽኔታ?

በሁለቱም በኩል ጎማ ያለው ከቁጥሩ ኋላ “2አርኤስ” ተብሎ የሚታወቀው ነው፤ በሁለቱም በኩል ቆርቆሮ ክዳን ያለው ደግሞ “ዜድዜድ”። የቆርቆሮው ክዳን ከውስጥ ቀለበቱ ጋር አይነካካም፣ ስለዚህ ቀለል ብሎ ይዞራል፣ ግን ውኃና አቧራ ያስገባል። ኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ ጥሩ ነው። እርጥብ ሣር የሚበተንበት ዴክ ስር፣ ያውም በጅማ ክረምት፣ ባለ ጎማውን እንጂ ሌላ አትግዙ። ነጋዴው “ያው ነው” ቢላችሁም ያው አይደለም።

ስፒንድሉ ላይ የግራሶ መስጫ ጫፍ ካለ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በሁለቱም በኩል የተዘጋ ኩሽኔታ ካስገባችሁ የምትሰጡት ግራሶ ቤቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀራል እንጂ ኳሶቹ ጋ አይደርስም። መፍትሔው ወደ ቤቱ ውስጥ የሚዞረውን አንዱን ጎማ በቀስታ በካቻቢቴ ጫፍ ማውጣት፣ ወደ ውጪ የሚዞረውን መተው ነው። ከዚያ ቁጥር 2 የሊቲየም ግራሶ በልኩ ስጡ። ፓምፑን እስኪጨነቅ መግፋት የውጪውን ጎማ አስወጥቶ ይጥለዋል፣ ያን ጊዜ ውኃው በር አገኘ። መስጫ ጫፍ ከሌለው ደግሞ ምንም አትንኩት፣ እንደተዘጋ ይሥራ።

አንዳንድ የቆዩ ከባድ ዴኮች ኳስ ሳይሆን ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ አላቸው። እነሱ ካሉ በኳስ ለመተካት አትሞክሩ፣ ቤቱ ለዚያ አልተሠራም። ሲገዙ የውስጡም የውጪውም ቀለበት አንድ ላይ ይገዛል፤ ሲታሰሩ ደግሞ ልክ እንደ መኪና የፊት ጎማ ዳዶ ማስተካከያ ይፈልጋሉ፣ ሳይጨነቁም ሳይላወሱም።

ኮፒ ነገር በገበያ ሞልቷል። ታዋቂ ስም የተጻፈበት ኩሽኔታ ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ከወረደ ጠርጥሩ። ጽሑፉን በቤንዚን በነከረ ጨርቅ እሹት፣ የሚለቅ ከሆነ መልሱ። ኤስኬኤፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ኩባንያው ራሱ ለማረጋገጫ ያወጣው የስልክ መተግበሪያ አለ፣ ፎቶ አንስቶ መላክ ይቻላል። ስሙ ያልታወቀ ግን በእጅ ሲዞር ለስላሳ፣ ጎማው በደንብ የተቀመጠ ኩሽኔታ፣ ታዋቂ ስም ከተለጠፈበት ኮፒ ይሻለኛል፤ ቢያንስ ሻጩ አልዋሸኝም።

ማን ምን ይምረጥ

በየሳምንቱ ትልቅ ግቢ የሚያጭድ ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት ከሆናችሁ አንድ ትርፍ ስፒንድል በበጋ አስመጥታችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ፣ ኩሽኔታውን ደግሞ በየጊዜው ከከተማ ቀይሩ። አልፎ አልፎ ለሚያጭድ ግቢ ትርፍ ስፒንድል ገንዘብ ማሰር ነው፤ ኩሽኔታ በቂ ነው። ቤቱ የብረት ቀልጥ የሆነ አሮጌ ከባድ ማሽን ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ በደንብ ካሠራችሁት፣ ዛሬ ከሚሸጠው ስስ አልሙኒየም የበለጠ ዕድሜ አለው፣ ኮፒ አዲስ ለመግዛት ብላችሁ አትጣሉት።

የመረጣችሁት ምንም ይሁን፣ ስፒንድሉን ከማሰራችሁ በፊት የዴኩን ላሜራ በቡሎኖቹ ዙሪያ ፍቃችሁ እዩ። ዝገትና ስንጥቅ ካለ በላዩ ላይ ወፍራም ላሜራ አስበይዱ፤ በሚንቀሳቀስ ላሜራ ላይ የታሰረ አዲስ ስፒንድል አይቆይም። ቢላውን መሃሉ ላይ ሚስማር አድርጋችሁ አንጠልጥሉት፣ አንዱ ወገን ከወረደ ያንን ወገን በመሳያ ድንጋይ (ሞላ) ቀንሱ። ቺንጋውን ከሚገባው በላይ አትወጥሩ፣ የላይኛውን ኩሽኔታ በጎን የሚገድለው እሱ ነው። በዘንጉ ላይ ከቢላው በላይ የተጠመጠመ ገመድና የማዳበሪያ ከረጢት ክር ካለ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ጎማውን በልቶ ይገባል። ዴኩን ስታጸዱ በእንጨት ፋቁት እንጂ የመኪና ማጠቢያ ግፊት ውኃ ስፒንድሉ ላይ አትልቀቁ።

ከዚያ አንድ ዙር አጭዳችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉና እያንዳንዱን ቤት በእጃችሁ ንኩ። ሞቅ ማለት ያለ ነው። እጅ ማቆየት የማያስችል ከሆነ ግን ሌላ ዙር አትጨዱበት፤ ፍቱት፣ መጀመሪያ ቱቦዋን እዩ፣ ቀጥሎ የቺንጋውን ውጥረት።